ከስጋጃው ሥር የሚሰማው ውሃ

ጭጋግ ከሸለቆው ተነሥቶ የሚተኛባት፣ ስሟን ዛሬ መጥራት የማያስፈልግ አንዲት አሮጌ የድንጋይ ከተማ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከጭጋጉ የምትወጣው በየተራ ነው፤ መጀመሪያ የመስጊዷ ሚናራ፣ ቀጥሎ የባለጸጎቹ ሰገነት፣ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ደግሞ የድሆቹ ጣሪያ። ከማዶ ሆኖ የሚያያት መንገደኛ እንቅልፍ ያልለቀቀው ይመስለው ነበር። ቀርቦ በጠባቦቹ መንገዶቿ ሲገባም ያ ስሜት ቶሎ አይለቀውም።

በዚህች ከተማ ሸህ ጀውሀር የሚባሉ ዓሊም ነበሩ፤ ሰው በአክብሮት «ሸሆቹ» ይላቸዋል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተማሪዎቻቸውን ኪታብ ያስቀራሉ፤ ረፋዱ ላይ ከመስጊዱ በረንዳ ተቀምጠው የቃጫ ገመድ ይገምዳሉ። የሚኖሩት በገመዱ ነው። ለዱዓ ስጦታ አይቀበሉም። ቅቤ ይዞ የመጣባቸውን ሰው፣ «ገመድ ትገዛኛለህ? አትገዛም? እንግዲያው ቅቤህን ለልጆችህ» ይሉና ዱዓውን አድርገው ይሸኙታል። በዚህም የተነሣ ሰው ሁሉ ያከብራቸው ነበር። አክብሮቱ ግን ለተንኮለኛ ሰውም እንደሚመች ያኔ ማንም አላሰበም።

ከተማይቱ ቤት ሲሸጥ የምትከተለው አንድ ወግ ነበራት። ገዢና ሻጭ በዋጋ ከተስማሙ በኋላ ሽማግሌዎች እዚያው በሚሸጠው ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። ሸህ ጀውሀር ዱዓ ያደርጋሉ፤ ፋቲሃ ጮክ ተብሎ ይቀራል፤ ሁሉም አሚን ብሎ ፊቱን በመዳፉ ያብሳል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ግድግዳ እየነካካ የሚመረምር፣ ጣሪያ ጣሪያ የሚያይ ገዢ ካለ ባለጌ ይባላል፤ ዱዓውን የተጠራጠረ ይመስላልና።

ኑርዬ ይህን ወግ አሳምሮ ያውቃል። ወጣትነቱን የጨረሰው ጨው በጫኑ በቅሎዎች ኋላ ሲሄድ ነው። ቆላውንና ደጋውን ሲያመላልስ፣ አንዱን ሌሊት ከዋርካ ሥር ሌላውን ከቋጥኝ ሥር ሲያድር፣ ከዱንያ የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲተኛበት ከሥሩ የማይነቃነቅ መሬት። ዘግይቶ ሉባባን አገባ፤ ሴት ልጅ ወለዱ። ያን ጊዜ በቅሎዎቹን በሙሉ ሸጠና የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ቡሽራ ለሽያጭ ያወጣውን ቤት ጠየቀ። ሐጂ ቡሽራ ድምፁ የለሰለሰ፣ ተስቢሁ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። ከልስላሴው የተነሣ ዋጋ ሲጨምር እንኳ የሚቀንስ ይመስላል።

የሽያጩ ዕለት ሐጂ ቡሽራ የውስጠኛው ክፍል መሐል ላይ አንድ ወፍራም ቀይ ስጋጃ አነጠፈና ሸህ ጀውሀርን ክንዳቸውን ይዞ እዚያው ላይ አስቀመጣቸው። ሽማግሌዎቹ በዳር በዳሩ ተደረደሩ። ኑርዬ ግድግዳዎቹን አስቀድሞ አይቷቸዋል፤ ጣሪያውንም አይቶታል። ወለሉን ብቻ አላየም፤ ሐጂ ቡሽራ ከዚህ በፊት ባመጣው ቁጥር ያ ክፍል በጨርቅ ጥቅልል ተሞልቶ ነበር። አሁን ጥቅልሉ ወጥቷል። እጁ ሳያስበው ወደ ስጋጃው ጠርዝ ሄደ። ጣቶቹ ጠርዙን ነኩት። ቀና ሲል ግን የሸሆቹ ዓይን በዱዓ ተከድኖ፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ሰፍሮ አየ። ሸህ ጀውሀርን «አንዴ ይነሡልኝ፣ ከሥርዎ ያለውን ልይ» የሚል አፍ ከየት ይመጣል? እጁን ሰበሰበ። አሚን አለ። ፊቱን አበሰ።

«ስጋጃውንም ትቼልሃለሁ» አለ ሐጂ ቡሽራ ሲወጡ፣ ትከሻውን ይዞ። «ሸሆቹ የተቀመጡበት ነውና አታንሣው። በረካው እዚያው ይርጋ።»

«አላህ ይስጥልኝ፣ ሐጂ» አለ ኑርዬ። ከልቡ ነበር ያለው።

ቤቱ በቀትር ይቀዘቅዛል። ውጭው በፀሐይ ሲነድ፣ ውስጠኛው ክፍል ከቋጥኝ ሥር እንዳለ ጥላ ነው። ኑርዬ ከዙህር ሶላት ሲመለስ ልጁን ደረቱ ላይ አስተኝቶ ስጋጃው ላይ ጋደም ይላል። አንድ ቀን እንዲህ እንዳለ፣ ከእንቅልፍና ከንቃት መሐል፣ ውሃ ሰማ። ከሩቅ፣ ከታች፣ ሰው በሹክሹክታ እንደሚያወራው ያለ ውሃ። በሕልሙ የሸጣቸው በቅሎዎች ከቤቱ ሥር በሚያልፍ ጅረት ዳር ተሰልፈው ሲጠጡ አየ፤ ጭነት የለባቸውም፤ ጀርባቸው ላይ ያለው የኮርቻ ቁስል ሁሉ ድኗል። ሲነቃ ሕልሙ ሄደ፤ ውሃው ግን አሁንም ይሰማል።

በማግስቱ ሐጂ ቡሽራ ዘንድ ሄደ። «ሐጂ፣ ከወለሉ ሥር ውሃ ይሰማኛል። ምን ይሆን?»

ሐጂ ቡሽራ የሚለካውን ጨርቅ አስቀመጠ። ከዚያ ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። «ሱብሃነላህ!» አለ። «እኔ ስንት ዘመን ኖሬበት አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ሸሆቹ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ነው አይደል? እዚያው ላይ? ከራማ ነው እኮ፣ የአላህ ተአምር ነው፣ አያ ኑርዬ! የሸሆቹ ከራማ! ለእኔ ያልተሰጠ ለአንተ ተሰጠ።»

ኑርዬ ወደ ቤቱ ሲመለስ እግሩ መሬት የሚነካ አልመሰለውም። ወሬው ግን ከሱ ቀድሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ከዙህር እስከ ዐስር ሶላት ቤቱ ሰው አይለየውም። እየገቡ በተራ ይጋደማሉ፤ ጆሯቸውን ስጋጃው ላይ ያደርጋሉ፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፤ አንዳንዱ እዚያው እንቅልፍ ይወስደዋል። እማ ሀሊማ የሚባሉ አሮጊት በየጁምዓው እየመጡ ስጋጃውን ስመው፣ የጉልበታቸውን ሕመም ለውሃው ይነግሩ ነበር። የቤቱ ጌታ በሰው እንቅልፍ መሐል ሲመላለስ፣ ለራሱም ያ ሁሉ የሕልሙ ቀጣይ ይመስለው ነበር። በዕድሜው ሙሉ ሰው ደጁን ጠንቶ አያውቅም።

ሉባባ ብቻ አልተጋደመችም። የበሩ መዝጊያ መግጠም እንዳቆመ ያስተዋለችው እሷ ናት። ሽንኩርት ከእጇ ቢያመልጣት ተንከባልሎ ሄዶ የሚቆመው ሁልጊዜ ስጋጃው መሐል ነው።

«ኑርዬ፣ ና ጣትህን አምጣ» አለችውና ወደ ግድግዳው ወሰደችው። ከላይ እስከ ታች በወረደው ስንጥቅ ውስጥ የሱ አውራ ጣት ገባ። «ስንገባ የእኔ ትንሿ ጣት አትገባበትም ነበር።»

«አሮጌ ቤት ነዋ፣ ሉባባ።»

«ከራማ ግድግዳ ይሰነጥቃል?»

«ዝም በይ እስቲ፣ ሰው ይሰማሻል!»

«ሰው ይስማኝ። ልጄ የምትተኛው እዚያ ላይ ነው።»

ኑርዬ ዞሮ ልጁን አየ። ልጅቷ ስጋጃው ላይ በጀርባዋ ተኝታ፣ ከታች የሚመጣውን ድምፅ እየሰማች ትስቃለች። ያን ቀን መጀመሪያ ጊዜ ውሃው አስፈራው። ቢሆንም ለማን ይናገር? ከተማው ሁሉ የሳመውን ነገር ጉድለት ነው፣ ዐይብ ነው ብሎ ማን አፉን ይከፍታል?

ሸህ ጀውሀር ወሬውን የሰሙት ከተማሪዎቻቸው ነው። ሲያስቀሩ እያዩዋቸው ይንሾካሾካሉ፤ ጫማቸውን ለማንሣት ይሻማሉ። ምን እንደሆነ ጠይቀው ሲነግሯቸው ኪታቡን ዘጉና ተነሡ። ወደ ኑርዬ ቤት ሲሄዱ ከኋላቸው የተከተለው ሕዝብ መንገዱን ሞላው። ሐጂ ቡሽራም ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ አለመምጣቱ ያስጠረጥረው ነበር።

ሸሆቹ ገብተው በቀስታ ተጋደሙ። ጆሯቸውን ስጋጃው ላይ አደረጉ። ኑርዬ ከራስጌያቸው ቆሞ ፊታቸውን ያያል። ውሃው ተሰማ፤ ያ ሹክሹክታ፣ ያ ከሩቅ የሚመጣ ጥሪ። የሽማግሌው ፊት ፈታ አለ፤ ልጅ ሆነው የሰሙትን ነገር የሰሙ ይመስል ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ መጣ። ረጅም ጊዜ እንዲያ ቆዩ። በዚያች ሰዓት ዝም ብለው ቢነሡ ኖሮ ቅዱስ ሆነው በኖሩ፣ ሲሞቱም በዚያ ቦታ ላይ የመቃብር ቁባ በተሠራላቸው ነበር። ኑርዬም ልቡ ሁለት ሆኖ ነበር፤ አንዱ ልቡ ከራማ ነው እንዲሉለት፣ ሌላው ልጁን አንሥቶ እንዲሮጥ ይፈልጋል።

ሸሆቹ ዓይናቸውን ገለጡና ተነሡ።

«ስጋጃውን አንሡት» አሉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ሸሆች፣» አለ ሐጂ ቡሽራ፣ «እርስዎ የተቀመጡበት እኮ ነው።»

«አሁን ቆሜያለሁ። አንሡት።»

ኑርዬ ጎንበስ ብሎ ያኔ የለቀቀውን ጠርዝ ያዘ። ስጋጃው ተጠቀለለ። ከሥሩ በስሱ የተለሰነ ጭቃ ነበር፤ ሸሆቹ በምርኩዛቸው ጫፍ ሲነኩት ረገፈ። ከጭቃው ሥር የበሰበሰ ሳንቃ ወጣ። ሁለት ጎልማሶች ሳንቃውን ሲስቡት በመሐሉ ተሰበረና ቁራጩ ወደ ታች ሄደ። ሲወድቅ ቆየ። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ጧ ብሎ ውሃ ነካ፤ ቀዝቃዛ እስትንፋስ የመሰለ አየር የሁሉንም ፊት ዳሰሰ። አሮጌ የውሃ ጉድጓድ ነበር። አፉ ዙሪያውን እየተናደ ሄዶ የግድግዳው መሠረት ሥር ገብቷል።

ሉባባ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ከክፍሉ ወጣች።

«የስንቱን ጁምዓ!» አሉ እማ ሀሊማ፣ ጉልበታቸውን ይዘው። «የስንቱን ጁምዓ ጉድጓድ ስስም ከረምኩ!»

አንዳንዱ ሳቀ። የሚበዛው ግን ቅር አለው። ከሽቶ ሻጮቹ አንዱ፣ «ሸሆች፣ ባይከፈት ምን ነበረበት? ለከተማችንም ክብር ነበር» አለ።

«ክብሩ ላይ ሕፃን ተኝታበት ነበር» አሉ ሸሆቹ።

ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊዱ በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። ሐጂ ቡሽራ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ተስቢሁን እየቆጠረ መጣ። ገና ማንም ሳይጠይቀው የኑርዬን ጉልበት ይዞ፣ «አውፍ በለኝ፣ ወንድሜ፤ ማረኝ። የአያቴ ጉድጓድ ነው። ይህን ያህል ይናዳል አላልኩም» አለ። ሽማግሌዎቹም ወዲያው ከግራና ከቀኝ ኑርዬን ያዙት።

«በል እንግዲህ፣ አውፍ በለው።»

«ፋቲሃ የተቀራበት ነገር ነው፣ አያ ኑርዬ። አታፍርሰው።»

«ሶብር ያለ፣ የታገሠ አይከስርም። አብሽር፣ አላህ ይተካልሃል።»

አንዱ የኑርዬን ቀኝ እጅ አንሥቶ ወደ ሐጂ ቡሽራ እጅ ወሰደው። ኑርዬ ዙሪያውን አየ። ሁሉም በደግ ፊት ያዩታል፤ ሁሉም የራሱ ቤት አለው። አንገቱ ሊነቀነቅ ምንም አልቀረውም፤ አፉም «እሺ» ሊል ነበር። ያ እሺ ከወጣ በቅሎዎቹም፣ ቤቱም፣ የዕድሜው ድካምም በዚያ ጉድጓድ ገብተው እንደሚቀሩ ያውቃል። ያም ሆኖ ከዚያ ሁሉ ፊት ፊት እምቢ ማለት ከየት ይምጣ?

«እጁን ልቀቁት» አሉ ሸህ ጀውሀር።

ለቀቁት።

«ሐጂ ቡሽራ፣ ጉድጓዱን ታውቀው ነበር?»

«አልጠየቀኝም፣ ሸሆች። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።»

«ታውቀው ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

«... አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው መናገር ያንተ ግዴታ ነበር፤ የሱ መጠየቅ ግዴታ አልነበረም። ዐይቡን ደብቆ የሸጠ ሰው፣ ለገዢው ኺያር ይሰጠዋል፤ ምርጫ ማለት ነው። ቢወድ ቤቱን ለሻጩ መልሶ ዋጋውን በሙሉ ይቀበላል። ቢወድ ዐይቡን አውቆ፣ ፈቅዶ ይይዘዋል። ምርጫው የኑርዬ ነው። የሽማግሌ አይደለም፤ የእኔም አይደለም። ፋቲሃ የቀራነው በረካን ለመለመን ነው እንጂ የሰው ሐቅ ላይ ክዳን ልንገጥም አይደለም።»

ሐጂ ቡሽራ ኪታብ የቀራ ሰው ነበር። ተስቢሁን አቆመና፣ «መልካም» አለ። «ግን ውሃውን ከሰማ ወዲህ ቤቱን ለቆ ወጥቷል? አልወጣም። ተኝቶበታል፤ እንግዳ ተቀብሎበታል። ዐይብን ካወቁ በኋላ ዝም ብሎ መገልገል እንደ መውደድ አይቆጠርም ወይ?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ እውነት መሰላቸው። ኑርዬ እንደ ጭጋግ የሆነ ነገር ዓይኑ ላይ ሲወርድ ተሰማው።

«ኪታቡን ደህና ቀርተሃል» አሉ ሸሆቹ። «ዐይቡን አውቆ የተቀመጠ ወዷል። ኑርዬ ግን ምን አወቀ? ውሃ ሰማሁ ብሎ ሱቅህ ድረስ መጣ። ከራማ ነው ብለህ የመለስከው አንተ ነህ፤ አልቅሰህለታል አሉ። ሰውየው የወደደው አንተ የነገርከውን ነው። ጉድጓዱን ዛሬ ነው ያየው፤ ዛሬም አልወደደውም።»

ሐጂ ቡሽራ ተስቢሁን ኪሱ ከተተ።

«ሌላም አለ» አሉ ሸሆቹ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሐጂ ቡሽራ ጉድጓዱን በሳንቃ ሸፈነ። ሳንቃውን በጭቃ፣ ጭቃውን በስጋጃ ሸፈነ። ስጋጃውን በእኔ ሸፈነው። እኔ ያን ቀን ክዳን ነበርኩ፣ አላወቅሁም። ከዛሬ ጀምሮ ገዢው ቤቱን ጥግ ከጥግ ሳያይ፣ የፈለገውን ሳያንኳኳ ለቤት ሽያጭ ዱዓ አላደርግም። የተነጠፈ ነገር ላይም አልቀመጥም። ኑርዬ፣ ምን መረጥክ?»

ኑርዬ ተነሥቶ ቆመ። «ልመልስ» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ሐጂ ቡሽራ ገንዘቡን ጨርቅ ገዝቶበት ነበርና ጨርቁን መሸጥ ግድ ሆነበት። እስኪሸጥ ድረስ ኑርዬና ሉባባ በሸሆቹ ጠባብ ግቢ ሰነበቱ። የጉድጓዱም አፍ በእንጨት ታጥሮ ክፍት እንዲቆይ ሸሆቹ አዘዙ፤ ቀጣዩ ገዢ በዓይኑ አይቶ ከፈለገ ይግዛው ብለው። በነዚያ ቀናት በከተማው ሌላ ወሬ ይወራ ነበር፤ «ሸሆቹ ዱዓቸው ደረቀ» ይባል ነበር። ለሽያጭ የሚጠሯቸው ሰዎች ቀነሱ። ቤቱ እየተንኳኳ እንዲሸጥበት የሚፈልግ ሰው ብዙ አይደለም።

በአንድ ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ሐጂ ቡሽራ ዋጋውን አምጥቶ በሁሉም ፊት የኑርዬ ጭን ላይ አስቀመጠ። ምንም አልጎደለም። ሸሆቹም ወደ ሐጂ ቡሽራ ዞረው፣ «አሁን የምትጠይቀው ነገር ካለ ጠይቅ» አሉት።

ሐጂ ቡሽራ ወደ ኑርዬ ዞረ። ድምፁ እንደ ወትሮው አልለሰለሰም፤ ሻክሮ፣ ተሰብሮ ወጣ። «አውፍ በለኝ፣ ኑርዬ።»

ኑርዬ የገንዘቡን ከረጢት ያዘ። ልጁ ከዚያ የውሃ ድምፅ በላይ ተኝታ ስትስቅ ታየችው። ቀና ብሎ ሰውየውን አየውና፣ «ዛሬ አልችልም» አለ።

በረንዳው አጉረመረመ። «እንዴ! ሐቁን ተቀብሎ!» አለ አንዱ። «ልቡ ደንዳና ነው» አለ ሌላው። ሸህ ጀውሀር እጃቸውን አነሡ፤ ጉርምርምታው ቆመ።

«ተውት» አሉ። «የተበደለን ሰው አውፍ በል ከማለታችሁ በፊት፣ እምቢ የሚልበትን ሐቅ ስጡት።»

ይህን ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ሰው የሚደነቀው ከራማቸውን በገዛ እጃቸው ባፈረሱት ሽማግሌ ነው። መደነቁ ተገቢ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚያች የመጨረሻ ቃላቸው ነው። የተበደለ ሰው ደጅ ላይ ሽማግሌ ጠፍቶ አያውቅም። ገና እንባው ሳይደርቅ ሶብር ይዘውለት ይመጣሉ፤ አጅር፣ የሰማይ ምንዳ፣ ይዘውለት ይመጣሉ፤ ጀነት ሳይቀር ይዘውለት ይመጣሉ። ሐቁን ይዞለት የሚመጣ ግን የለም፤ ሐቁ ያለው በዳዩ ቤት ነው፤ የበዳዩ ደጅ ደግሞ አያስገባም። ስለዚህ የሚቀለውን መንገድ ይሄዳሉ። አቅም ያጣውን ሰው እጅ አንሥተው አቅም ባለው እጅ ላይ ያደርጉና እርቅ ወረደ ይላሉ። ዲናችን አውፍታን ከፍ ያደረገው የሚሰጥ ነገር ስለሆነ ነው። እምቢ ማለት ከማይችል ሰው የተወሰደ አውፍታ አልተሰጠም፤ ከቤቱ ቀጥሎ የተዘረፈ ሁለተኛ ንብረት ነው። ሶብርም ቢሆን ሐቁን እየፈለገ ለሚጠብቅ ሰው ጌጡ ነው፤ ሐቁን እንዲረሳ ሲታዘዝበት ግን አፍ ማፈኛ ጨርቅ ይሆናል።

ኑርዬ በኋላ ሐጂ ቡሽራን አውፍ ብሎት እንደሆነ ተራኪዎቹ አይስማሙም። አንዳንዶቹ በረመዳን ቤቱ ሄዶ አብሮት አፈጠረ ይላሉ። ሌሎቹ እስከ ዕለተ ሞቱ ሰላምታውን ብቻ ይመልስለት ነበር ይላሉ። የትኛው እውነት እንደሆነ አላህ ያውቃል። የሆነው ሆኖ፣ ምርጫው የኑርዬ ነበር።